ድምፁ የጠፋ ዘመድ ላላችሁ፦ ከቢሰን ዴሌ ታሪክና ከወንድሜ ፍለጋ ያገኘሁት

በየቤተሰቡ «እሱ እኮ ድሮም ይጠፋል» የሚባልለት አንድ ሰው አይታጣም። በእኛ ቤት ያ ሰው ታናሽ ወንድሜ ነው። ያደግነው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ሲሆን፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ በቤታችን በር ጎንበስ ብሎ መግባት ስለጀመረ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደ ቅርጫት ኳስ ሜዳ ገፋው፤ እሱም ገባበት፤ ለጥቂት ዓመታትም በክለብ ተጫውቶ ደመወዝ በላበት። ይሁን እንጂ አንድ ቦታ መርጋት አይሆንለትም ነበር። ውድድሩ ገና ሳያልቅ ማልያውን አጥቦና አጣጥፎ ለአሰልጣኙ ያስረክብና ከጭነት መኪና ሾፌሮች ጋር ጅግጅጋ ይሄዳል፤ ወራት ቆይቶ አንድ ከሰዓት በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ ይገኛል። እናታችንም መቆጣቱን ከተወችው ቆይታ ስለነበር ዝም ብላ ምሳ ታቀርብለት ነበር።

ይህን የምጽፈው ድምፁ የጠፋባችሁ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች፣ በተለይም ሰውየው ከዚህ በፊትም ይጠፋ የነበረ ከሆነ፣ እኔ ካለፍኩበት የሚጠቅማችሁ ነገር ብታገኙ ብዬ ነው። የልማዱ መጥፋት እውነተኛውን መጥፋት ይሸፍነዋል፤ እኛንም ሊሸፍንብን ነበር። ዓይኔን የከፈተልኝ ደግሞ ከድሬዳዋ ጋር ምንም የማያገናኘው፣ ለሠፈር ልጆች ቅርጫት ኳስ ሳሰለጥን ታሪኩን ደጋግሜ እነግራቸው የነበረ አንድ አሜሪካዊ ተጫዋች ስለሆነ፣ በቅድሚያ የእሱን ነገር መናገር ይኖርብኛል።

ቢሰን ዴሌ እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያዋ ፍሬዝኖ ሲወለድ ስሙ ብራያን ዊሊያምስ ነበር። አባቱ «ዘ ፕላተርስ» ከተባለው ዝነኛ የድምፃውያን ቡድን ጋር የዘፈነ ሰው ነው። ልጁ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በ1991 ኦርላንዶ ማጂክ የተባለው ክለብ ኤንቢኤ በሚባለው የአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ የዓመቱ ምልመላ በአሥረኛነት መረጠው። ከዚያ ወደ ዴንቨር ተሻገረ፤ በ1994 ስምንተኛ ሆኖ ወደ ጥሎ ማለፉ የገባው ዴንቨር አንደኛውን ሲያትልን ሲያሰናብት፣ ይህም በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ነበርና፣ ከቅርጫቱ ሥር ከዲኬምቤ ሙቶምቦ ጋር ከነበሩት አንዱ እሱ ነው። ከሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ በኋላ የ1996–97ን ውድድር አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክለብ አሳልፎ ሊያልቅ ሲል ቺካጎ ቡልስ አስፈረመው፤ ዘጠኝ መደበኛ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ፣ ከማይክል ጆርዳን ጋርም ሻምፒዮን ሆነ። ቀጥሎ በዲትሮይት ፒስተንስ በአንድ የውድድር ዓመት በአማካይ 16 ነጥብና ወደ 9 የሚጠጋ ሪባውንድ (ስቶ የነጠረ ኳስ መያዝ) አስመዘገበ፤ ይህ የሕይወቱ ምርጥ ዓመት ነው።

ስሙን የቀየረው በ1998 ሲሆን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና የአፍሪካ ዝርያውን ለማክበር በማሰብ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ ገና በሠላሳ ዓመቱ፣ ከውሉ አምስት ዓመትና ከ36 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደመወዝ እየቀረው ጨዋታውን ተወ። ይህን ስነግራቸው የማሰለጥናቸው ልጆች ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሾቹ አብዷል ይላሉ፣ ግማሾቹ ነፃ ሰው ነው ይላሉ። እኔ ፍርድ አልሰጥም፤ ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር ከሜዳ ውጪ ብዙ ፍላጎት የነበረው፣ ገንዘብ ያላሰረው ሰው መሆኑን ነው። ሊባኖስን አየ፣ አውስትራሊያ ከረመ፣ ባሕር ላይ መቅዘፍ ተማረ፤ በመጨረሻም ካታማራን የምትባለውን ባለ ሁለት አካል የሸራ ጀልባ ገዝቶ በደቡብ ፓስፊክ ደሴቶች መካከል መኖር ጀመረ።

በ2002 ክረምት ከታሂቲ ሲነሳ ጀልባዋ ላይ አራት ሰዎች ነበሩ፤ እሱ፣ የሴት ጓደኛው፣ ፈረንሳዊ የጀልባ መሪና ታላቅ ወንድሙ። ከእሱና ከሁለቱ ጓደኞቹ ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው ሐምሌ 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ጁላይ 8 ማለት ነው። ሐምሌ 13 ቀን ታላቅየው ጀልባዋን ይዞ ብቻውን ታሂቲ ደረሰ። ጀልባዋ በኋላ ስትገኝ ስሟ ተለውጧል። ነሐሴ 30 ቀን ደግሞ ይኸው ሰው በአሪዞናዋ ፊኒክስ ከተማ የታናሹን ፓስፖርት መታወቂያ አድርጎ፣ ፊርማውንም አስመስሎ፣ በ152,000 ዶላር ወርቅ ሊገዛ ሲል ተያዘ። ለታናሼ ነው የምገዛው አለ፤ ፖሊስም ጠይቆ ለቀቀው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከልክ በላይ ኢንሱሊን ወስዶ ሜክሲኮ ውስጥ ራሱን ስቶ ተገኘ፣ ካሊፎርኒያ ሆስፒታል ውስጥም ሳይነቃ በእኛ የመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1995 ዓ.ም. ሞተ። ከመሞቱ በፊት ለፍቅረኛው ጀልባዋ ላይ ጠብ ተነስቶ እንደነበርና ወንድሙን ራሱን ለመከላከል ሲል እንደገደለው ነግሯታል፤ መርማሪዎቹ ግን ሦስቱንም የገደለው እሱ ነው ብለው ያምናሉ። አስከሬኖቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም፤ ፍርድ ቤት የቀረበ ሰውም የለም።

እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት ግድያውን አይደለም። የያዝኩት በሐምሌ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ መካከል ያለውን ጊዜ ነው። ይህ ሰው ከዓለም ርቆ መክረም ልማዱ ስለነበር ዝምታው ብቻውን የሚያስደነግጥ አልነበረም፤ ሰው ያስደነገጠው የፓስፖርቱና የገንዘቡ መንቀሳቀስ ነው። ሰውየው የለም፣ ወረቀቱ ግን ይሠራል። ድምፁ የለም፣ ፊርማው ግን ይፈርማል። የልጆቹን ሥልጠና ስጨርስ ይህን የምለው እንደ እንቆቅልሽ ነበር፤ እቤቴ ይገባል ብዬ አላሰብኩም።

ወንድሜ የመጨረሻውን ጉዞ ያደረገው ወደ ጅቡቲ ነው። ከድሬዳዋ ለሚነሳ ሰው ጅቡቲ ሩቅ አገር አይደለም፤ በባቡሩም ሆነ በመኪና በደወሌ በኩል ተሻግሮ አሊ ሳቢህን አልፎ የሚደረስ፣ ግማሹ ሰው ዘመድ ያለበት፣ የእኛ ጫት በየቀኑ የሚሄድበት ቦታ ነው። ወደብ አካባቢ የጉልበት ሥራ አግኝቶ ነበርና በየሳምንቱ ማለት ይቻላል እየደወለ እናታችንን ያነጋግራት ነበር። ከዚያ ጥሪው ቆመ። ጥቂት ሳምንታት «ድሮም ይጠፋል» እያልን አለፉ። ቀጥሎ በራሱ ቁጥር የጽሑፍ መልእክት መጣ፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። ደህና መሆኑን፣ ስልኩ ድምፅ እንደማያሰማ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ የሚከፍለው ገንዘብ እንዳጠረው ይገልጻል፤ የአንድ ማላውቀው ሰው የባንክ ሒሳብ ቁጥርም ይሰጣል።

መልእክቱን ደጋግሜ ሳነብ ያቆመኝ ትንሽ ነገር ነበር። «ለእናቴ ሰላም በልልኝ» ይላል። ወንድሜ በሕይወቱ «እናቴ» ብሎ አያውቅም፤ ከአንደበቱ የሚወጣው ሁልጊዜ «እሙ» ነው፤ በሠላሳ ዓመቱም ቢሆን እንዲሁ። ከዚህ ሌላ ማልያውን አጥቦ የሚያስረክብ ልጅ በኩራቱ ገንዘብ ከቤት ጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ መልስ ሳልሰጥ አንድ ጥያቄ ላክሁ፤ ኳስ ሰብሮት ጠማማ ሆኖ የቀረው ጣቱ የየትኛው እጁ እንደሆነ ጠየቅሁት። ይህን ቤታችንና የድሮ የቡድን ጓደኞቹ ብቻ ያውቁታል። መልሱ ከብዙ ሰዓታት በኋላ መጣ፦ «በዚህ ጭንቀት ላይ ሆኜ ትቀልዳለህ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆም፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው በዚህ ቦታ ነውና። ቁጣ መልስ አይደለም። እውነተኛው ሰው ቢሆን ተሳድቦም ቢሆን «የግራ» ይላል። እናታችን ግን መልእክቱ በመምጣቱ ብቻ ፊቷ በርቶ ነበር፤ «ደህና ነኝ ካለ ምን ትፈልጋለህ? ላክለት» አለችኝ። የሰፈራችን ሽማግሌ የሆኑት ጋሼም ነገሩን ወደ ፖሊስ መውሰድ የልጁን ስም ማጥፋት እንደሆነ ነገሩኝ። ሁለቱንም አልተቆጣኋቸውም፤ ተስፋ የቆመበትን መልእክት «ይህ የእሱ አይደለም» ማለት የሞት መርዶ የመናገር ያህል ይከብዳል። ለእናቴ የነገርኳት እንዲህ ብዬ ነው፦ «እሙ፣ ገንዘቡን ለእሱ ብንልከው ግድ የለኝም፤ ለማን እንደምንልክ ግን አናውቅም።» ይህንን ተቀበለች።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በዝርዝር እናገራለሁ። ገንዘብ አልላክሁም፤ ነገር ግን በሩንም አልዘጋሁም፤ ገንዘቡን እየፈለግን መሆኑን ብቻ በአጭሩ እየጻፍሁ መልእክቶቹ እንዲቀጥሉ አደረግሁ። አንዱንም አላጠፋሁም፤ ሁሉንም ከነቀኑና ከነሰዓቱ በምስል ይዤ ለሁለት ዘመዶች አስቀመጥሁ። ቀጥሎ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጀሁ። እስከ አያት ያለው ስሙ፣ የትውልድ ዘመኑ፣ ቁመቱ፣ የጫማ ቁጥሩ፣ ጠማማው ጣት፣ በቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ፣ የሚናገራቸው ቋንቋዎች፣ ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማንበት ቀን፣ አብሮት ይኖር የነበረ ሰው፣ የላኩልን የሒሳብ ቁጥር። ፎቶውን ስመርጥ እናታችን በማልያ ሆኖ ዋንጫ ይዞ የተነሳውን ልትሰጥ ፈለገች፤ ያ ግን ብዙ ዓመት ያለፈው ነበርና ከስቶ፣ ጢሙን አሳድጎ የተነሳውን የቅርቡን ወሰድሁ። የሚፈልገው ሰው የሚያየው የዛሬውን ፊት ነው።

ወረቀቱን ይዤ መጀመሪያ ወደ ፖሊስ ሄድሁ። መዝጋቢው «አዋቂ ሰው ነው፣ በፈቃዱ የሄደ ነው» አለኝ፤ በመሠረቱ ልክ ነው፤ አዋቂ ሰው ለቤተሰቡ ሳይደውል የመኖር መብት አለው። የመልእክቶቹን ምስልና የሒሳብ ቁጥሩን ሳሳየው ግን ነገሩ ሰው ፍለጋ ብቻ ሳይሆን ማታለልም እንደሆነ ተረድቶ መዘገበው። ማመልከቻ ስትሰጡ «ጠፋብን» ብላችሁ ብቻ አትቁሙ፤ በስሙ ምን እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ አስቀድሙ። የመዝገብ ቁጥሩንም ሳትይዙ አትውጡ።

ሁለተኛው በር የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የድሬዳዋ ቅርንጫፍ ነበር። ብዙ ሰው ቀይ መስቀልን በአምቡላንስና በደም ልገሳ ብቻ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር በመሆን በጦርነት፣ በስደት ወይም በአደጋ የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግና የማገናኘት ሥራም ይሠራል። አገልግሎቱ በነፃ ነው። ቅጽ ይሞላል፤ ጥያቄው ሰውየው አለበት ተብሎ ወደሚታሰበው አገር ብሔራዊ ማኅበር ይተላለፋል። ሁለት ነገሮችን ከወዲሁ ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛ፣ የተገኘው ሰው ፈቃደኛ ካልሆነ ያለበትን ቦታ አይነግሯችሁም፤ ይህ በተለይ ከቤት ተጣልቶ ለሄደ ሰው ትልቅ ዋስትና ነው፣ ቤተሰብም ሊቀየምበት አይገባም። ሁለተኛ፣ የቀይ መስቀል መልእክት የሚባለው ደብዳቤ ሳይታሸግ የሚሄድ፣ የቤተሰብ ወሬ ብቻ የሚጻፍበት ነውና ስለ ፖለቲካ ወይም ስለ ደላላ ብትጽፉበት አይተላለፍም።

ሦስተኛው መንገድ ቢሮ የለውም፤ እኛ ምሥራቆች ግን አለን። ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮችና ጫት የሚልኩ ሴት ነጋዴዎች ከማንኛውም መዝገብ የሰፋ ዕውቀት አላቸው። ቀፊራ ገበያ አካባቢ አንዲትን የታወቁ ነጋዴ አግኝቼ ፎቶውን ሳሳያቸው፣ «ልጄ፣ ፎቶውን ተወው፤ ቁመቱን ንገረኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፊት ይረሳል፤ ከሁሉም ሰው በላይ አንገቱ የሚታይ ወጣት አይረሳም። ወሬው በእሳቸው በኩል ወጥቶ ሲመለስ እንዲህ ያለ ረጅም ልጅ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ወደ ኦቦክ በሚሄድ መኪና ላይ መታየቱን ሰማን። ኦቦክ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ያለች፣ የእኛ ልጆች ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው ወደ የመን ለመግባት የሚሰበሰቡባት የባሕር ዳር ከተማ ናት። ያን ጊዜ ስልኩ በማን እጅ እንዳለ ለመገመት ብዙ ማሰብ አላስፈለገም። ይህንንም ለፖሊስና ለቀይ መስቀል አደረስሁ፤ በግሌ ተነስቼ ኦቦክ ልሂድ ያልኩበት ሌሊት ቢኖርም ሾፌሮቹ ከለከሉኝ፤ ደላሎች ሁለተኛ ወንድም ሲመጣላቸው ሁለተኛ ዋጋ እንደሚጠይቁ እነሱ ያውቃሉ።

ከወራት በኋላ የቀይ መስቀሉ ቅጽ በእጁ ጽሑፍ ተሞልቶ መጣ። ይዘቱ ጥቂት መስመር ነበር፤ ታሞ እንደነበር፣ እንደተሻለው፣ ስልኩን እንደወሰዱበት። የመጀመሪያው ቃል «እሙ» ነበር። እናታችን ማንበብ ባትችልም ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አየችው፤ ከዚያ መለሰችልኝና «አንብብ» አለችኝ። እሱም ዘግይቶ ተመለሰ። በባሕር ዳርቻው ስለደረሰበት የነገረኝ ብዙ ቢሆንም የእሱ ነውና አልጽፈውም፤ ለእናንተ የሚጠቅመውን ብቻ ልንገራችሁ። ደላሎቹ የተቀሙትን ስልኮች በከረጢት ይዘው የእያንዳንዱን የድሮ መልእክት እያነበቡ የቤተሰቡን አነጋገር ያጠናሉ። በእኛ ላይ ያልተሳካላቸው ወንድሜ ለእናቱ ጽፎ ስለማያውቅ ነው፤ እሷ ስለማታነብ ሁልጊዜ ይደውልላት ነበር። ስለሆነም ከዘመዳችሁ ጋር የምትስማሙበት መለያ ጥያቄ በስልክ መልእክት ውስጥ ፈጽሞ ተጽፎ የማያውቅ መሆን አለበት።

አሁንም ወንድሜ ከቤት አይቀመጥም፤ ሰው በአንድ መከራ ጠባዩን አይለውጥም፣ እኛም እንዲለውጥ አንጠብቅም። የተለወጠው የጉዞው ሥርዓት ነው። ሲሄድ የመታወቂያውና የፓስፖርቱ ቅጂ እቤት ይቀራል፤ አብሮት የሚሄድ ሰው ስምና ስልክ ይመዘገባል፤ ድምፁ ሳይሰማ የሚያልፈው የመጨረሻ ቀን አስቀድሞ ይወሰናል። ያ ቀን ካለፈ የማንንም ፈቃድ ሳንጠይቅ ፍለጋ እንጀምራለን፤ እሱም «ለምን አዋረዳችሁኝ» እንዳይል ተስማምቷል። ቢሰን ዴሌ ለእናቱ እንዲህ ያለ ቀን ቀጥሮላት ቢሆን ሕይወቱ ይተርፍ ነበር አልልም፤ ባሕሩ ላይ የሆነው በቀናት ውስጥ ነው የሆነው። ነገር ግን ጀልባዋ ስሟ ከመለወጡ፣ ታላቅየውም አሜሪካ ገብቶ ወርቅ ከመጠየቁ በፊት ጠያቂ በተገኘ ነበር፤ ሦስት ቤተሰቦችም ዛሬ የማያውቁትን ሊያውቁ ይችሉ ነበር።

ፍለጋው እንደ እኛ ላልተሳካላችሁ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። በሕጋችን የተቀመጠ መንገድ አለ፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 154 አንድ ሰው ከጠፋና ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ማንኛውም ሰው የመጥፋቱ ውሳኔ እንዲሰጥ ፍርድ ቤት ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል። የትዳር ጓደኛ፣ የቤት ካርታ ወይም የባንክ ገንዘብ ተንጠልጥሎ የቀረባችሁ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው። ማመልከት ማለት ተስፋ መቁረጥ ወይም ሰውየውን መቅበር ማለት አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ሰውየው ቢመለስ ምን እንደሚደረግ ደንግጓል። ወደ ፍርድ ቤቱ ስትሄዱ የፖሊሱን መዝገብ ቁጥርና የቀይ መስቀሉን የፍለጋ ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወሬው ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማበትን ቀን የሚያስረዱላችሁ እነሱ ናቸውና።